የቱን እንደዋጠች የጠየቃት የለም

የአውቶቡስ ጣቢያው ሰዎች «ፍሬን» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ከእሷ ጋር ይሠራ የነበረ ትኬት ቆራጭ ነው፤ አንድ ሰካራም ድንገት መንገድ መሃል ሲገባ ያንን ሁሉ ብረት ባለበት ቀጥ አድርጋ ስላቆመችው። ትኬት ቆራጩ ግንባሩን ከመስታወቱ ጋር አላትሞ ስለነበር ስሙን ያወጣላት በፍቅር ይሁን በቂም እስካሁን አይታወቅም። በከተማው ያንን መሃሉ የሚተጣጠፍ ረጅም አውቶቡስ የምትነዳ ሴት እሷ ብቻ ናት። መጀመሪያ ሰሞን መሪው ላይ ሴት ሲያይ ተመልሶ የሚወርድ ተሳፋሪ አይጠፋም ነበር። «ውረድ የኔ ጌታ፣ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ እንጃ» ትለውና በሩን ትዘጋለች። ሰዉም ቀስ በቀስ መውረዱን ተወው።

ባሏ በያጅ ነው። የበርና የመስኮት ብረት ይሠራል፤ እጁ ወርቅ፣ አንደበቱ ግን ቁጥብ። ሁለት ልጆች ወልደዋል። ሁለተኛዋ ስትወለድ ፍሬን ደም ፈሷት ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ሐኪሙ ባልና ሚስቱን አስቀምጦ፣ ሌላ እርግዝና ለሕይወቷ እንደሚያሰጋ ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ክንዷ ውስጥ የነበረው መከላከያ ጊዜው አልፎ ወጥቶ፣ አዲሱ እስኪገባላት ድረስ በኮንዶም ይጠነቀቁ በነበረበት ሰሞን ኮንዶሙ ተቀደደ።

በያጁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ። «አሁን ምን ይሻላል?» አለ።

«የሚሻለውንማ አውቀዋለሁ። ጠዋት ከሥራ በፊት መድኃኒት ቤት እገባለሁ።»

«ጥሩ» አለ። ልብ በሉ፣ «ጥሩ» ያለው ራሱ ነው።

በማግስቱ መድኃኒት ቤቱ ገና ከመከፈቱ ደረሰች። «የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ስጠኝ» አለች። ባለ መነጽሩ ፋርማሲስት ግራ ቀኙን አየት አየት አድርጎ፣ ክኒኑን እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ከባንኮኒው ሥር አወጣና በጋዜጣ ይጠቀልለው ጀመር።

«ምነው? የሳል ሽሮፕ ስትሸጥም እንዲህ ትሽኮረመማለህ?» አለችው ጮክ ብላ።

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። ፋርማሲስቱም ሳቀና ጋዜጣውን ወዲያ ጣለው። «በይ እሺ። አንድ ክኒን ናት፣ አሁኑኑ ዋጪያት። እስከ ሦስት ቀን ድረስ ትረዳለች፤ በዘገየሽ ቁጥር ግን ጉልበቷ ይቀንሳል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ ተመለሺ። የወር አበባሽ ከቀረ ደግሞ ምርመራ አድርጊ።»

እዚያው ቆማ ዋጠችው። ባዶውን ማሸጊያ የደንብ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከተተችና ወደ መሪዋ ሄደች። ከሰዓት ትንሽ አቅለሸለሻት፤ ከዚያ በቀር ቀኑ እንደ ሌላው ቀን አለፈ።

ነገሩ የፈነዳው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የደንብ ልብስ ጃኬቷ ገበር ተተርትሮ ነበርና አብረዋት የሚኖሩት አማቷ አሰፋላታለሁ ብለው ወደ ልጃቸው ወሰዱት። ልጃቸው፣ የባሏ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇም ምላሷም እንደ መርፌ የሾለ። ኪሱን ስትገለብጥ ማሸጊያው ዱብ አለ። «እማዬ! ይሄ እኮ ማስወረጃ ነው!» ብላ ጮኸች።

ፍሬን ከሥራ ስትመለስ ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሏል። አማቷ ሶፋው ላይ ኩርምት ብለዋል። አጠገባቸው ወንድማቸው፣ የቤተሰቡ ዳኛ የሚባሉት የባሏ አጎት፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋ ቆማለች። በያጁ በሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«ነፍስ አጥፍተሻል!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ማሸጊያውን ጠረጴዛው ላይ እየወረወረች።

«የማንን ነፍስ?»

«የወንድሜን ልጅ ነዋ!»

ፍሬን ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ፣ ንገራቸው እንጂ።»

በያጁ እሳት የበላውን አውራ ጣቱን አሸት አሸት አደረገ። እናቱን አየ፣ አጎቱን አየ። «እንግዲህ… እኔ ምን አውቃለሁ» አለ።

ነፍስ አጥፍተሻል ከመባሏ ይልቅ ይቺ «ምን አውቃለሁ» አንጀቷን አሳረረቻት። የተቀደደው በማን ላይ ሆኖ ነው እሱ የማያውቀው?

«ልጄ፣ የሆነው ሆኗል» አሉ አጎትየው ረጋ ብለው። «አማትሽን ይቅርታ ጠይቂና ነገሩ እዚሁ ይቅር።»

«አልጠይቅም ጋሼ።»

«ትዕቢት ነው እንዴ?»

«የፈለጉትን ይበሉት። አራታችሁም ተሰብስባችሁ ስትፈርዱብኝ፣ የቱን መድኃኒት እንደዋጥኩ እንኳን የጠየቀኝ የለም።»

«ሁሉም ያው ነው!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ያው አይደለም። አንደኛው እርግዝና እንዳይፈጠር የሚወሰድ ነው፣ ሌላው የተፈጠረውን የሚያቋርጥ። እኔ ብነግርሽ አታምኚኝም። ነገ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ከአዋላጇ አፍ ስሚው። አውቶቡሴ በደጃፉ ነው የሚያልፈው፤ ግማሽ ቀን ነኝ፣ በመጨረሻው ዙር ይዤሽ እሄዳለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ስትከፍት፣ እስከዚያ ያልተነፈሱት አማት ቀደሟት። «እኔ እሄዳለሁ» አሉ። ሁሉም ዞር ብሎ አያቸው።

በያጁ ሶፋው ላይ አደረ። ሂድ ያለው የለም፤ ፊቷን አይቶ ነው።

በማግስቱ እናትና ልጅ አውቶቡሱ ላይ ወጡ። አማትየው ምራታቸው ስትነዳ አይተው አያውቁም። ከጀርባዋ ካለው ወንበር ተቀምጠው ብረቱን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። አንድ ጎረምሳ «ሴትዮ፣ ንኪው እንጂ! ረፈደብን!» ሲል፣ አሮጊቷ ዞር ብለው «ከቸኮልክ ወርደህ ሩጥ!» አሉት። ፍሬን በዚያ ሁሉ ብስጭቷ መሃል ሳቋ አመለጣት።

አዋላጇ ድምፀ ጎርናና፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ላስቲክ የለበሰ አልጋ፣ የሚንቋቋ ማራገቢያና ሦስት ወንበር አለ። የመጡበትን ሰማችና ማሸጊያውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ይቺማ መከላከያ ናት እማማ» አለች። «የሴቷ ዕንቁላል ከቦታው እንዳይወጣ ታዘገየዋለች። የወንዱ ዘር የሚያገኘው ካጣ እርግዝና የለም። ምራትዎ ያኔ አርግዛ ቢሆን ኖሮ፣ ይቺ ክኒን እርግዝናውን አታስወርደውም፣ ጽንሱንም አትጎዳውም። ዕንቁላሉ ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ላትሠራም ትችላለች።»

«ማስወረጃውስ ሲስተር?» አሉ አማት።

«እሱ ላረገዘች ሴት ነው የሚሰጠው፤ ሌላ መድኃኒት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያው እርግዝናውን የሚያቆየውን ሆርሞን ያግዳል፣ ሁለተኛው ማኅፀን ተኮማትሮ እንዲያወጣው ያደርጋል። ቁርጠት አለው፣ ከወር አበባ የበዛ ደምም አለው። እርግዝናው ሳይገፋ፣ በትክክለኛው መጠን ከተወሰደ አያሰጋም። ደሙ ሞዴስ በሞዴስ ላይ እያራሰ አላቆም ካለ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። እኔ በዚህ ሥራ ያየሁት ሞት በአብዛኛው ከመደበቅ የመጣ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «እፎይ! እንግዲያ አንቺ ንጹሕ ነሽ። እንደነዚያ ሴቶች አይደለሽም።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለሁሉም ይመች ነበር። ፍሬን ግን ወንበሯን ገፋ አድርጋ ዞረችባት።

«እንደየትኞቹ ሴቶች?»

«ያው… እንደሚያስወርዱት።»

«ስሚኝ። ሐኪም ሌላ እርግዝና ሊገድልሽ ይችላል ብሎኛል፤ ታውቂያለሽ። ክኒኗ ባትሠራና ባረግዝ ኖሮ ያንን ሁለተኛውን እውጥ ነበር፤ ያኔም ለአንቺ መልስ አልሰጥም። ዛሬ ያመጣሁሽ ልዩነቱን እንድታውቂ ነው። እኔን ከሌሎቹ ለይተሽ እንድታመሰግኚኝ አይደለም፤ ምስጋናሽን እዚያው ያዢው።»

አማትየው መሐረባቸውን ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉ ጀመር።

«ታናሽ እህት ነበረችኝ» አሉ።

«በወባ የሞተችው አክስቴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ወባ አልነበረም። አረገዘችና አንዲት ሴት ቤት ጓዳ ገብታ የተሰጣትን ጠጣች። ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ደሙ አልቆም ሲል ሐኪም ቤት እንውሰዳት ብዬ ለመንኩ። አባታችን ስማችን ይጠፋል አለ። ስማችን ተረፈ። እሷ ሄደች።» ከዚያ ምራታቸውን ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ይቅርታ እንዳትጠይቂ። እኔም ብልሽ እንዳትጠይቂ።»

ፍሬን እጃቸውን ያዝ አደረገች። አዋላጇ ውሃ ቀዳችላቸው። ከዚያ ፍሬንን እርግዝና እንደሌላት መርምራ፣ አዲሱን መከላከያ እዚያው ክንዷ ውስጥ ቀበረችላት።

ከጤና ጣቢያው ስትወጣ በቀጥታ ወደ ባሏ መሥሪያ ሄደች። የብየዳ ብልጭታ ግቢውን ሞልቶታል። «ጭንብልህን አውልቅ» አለችው። አወለቀ።

«እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረ።

«ለብቻዬ አትንገረኝ። የካድከኝ በሰው ፊት ነው። ዛሬ አጎትህ ይመጣሉ፤ በነዚያው ሰዎች ፊት የምታውቀውን ትናገራለህ። ካልሆነ ሶፋው ያንተ ነው፤ እስክታረጅ ተኛበት።»

ተናገረ። ጆሮው እንደ ጋለ ብረት ቀልቶ፣ እየተንተባተበ ተናገረ። «ኮንዶሙ የተቀደደው በእኔ ላይ ነው። መድኃኒቱንም ጥሩ ብያታለሁ። ፈርቼ ነው… እሷን አጋፈጥኳት።»

አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሄ በሰው ፊት የሚወራ ነገር አይደለም።»

«እህታችንንም የወሰዳት ይኸው ‹አይወራም› ነው» አሏቸው አማትየው።

አጎትየው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ለዳኝነት አልመጡም፤ ሲመጡም ልጆቹን ለመጠየቅ ሆነ። በያጁ ከሶፋው የተነሣው ወዲያውኑ አልነበረም። ፍሬን ይቅርታውን በቁንጥር በቁንጥር ነው የሰጠችው፤ ጠቅላላውን መስጠቷንም እጠራጠራለሁ።

ጣቢያው ውስጥ ወሬው ዞሮ ደረሰ። ትኬት ቆራጭ ሴቶች በሻይ ሰዓት ከበው ይጠይቋታል፣ እሷም እንደ ልማዷ ጮክ ብላ ታስረዳለች። የስምሪት ኃላፊው አንድ ቀን «ፍሬን፣ ይሄን እንኳን ቀስ ብለሽ ብታወሪው» ቢላት፣ «ለምን? የሰረቅሁት ነገር አለ?» ብላ እሱንም ጨምራ አስረዳችው።

ልብስ ሰፊዋ ጃኬቱን ሰፍታ ላከችው እንጂ ለብዙ ጊዜ ቤቱን አልረገጠችም። ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ግን አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ሲቆም በፊት በር ገባች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ያቺ አዋላጅ ዛሬ ትኖራለች?» አለች በቀስታ።

«ትኖራለች» አለች ፍሬን።

ለማን እንደሆነ አልጠየቀቻትም። ከጀርባዋ ያለውን ወንበር በአገጯ አሳየቻትና አውቶቡሱን አንቀሳቀሰች።