መልካሙ ያላገባት ጎል

ትላንት የተሸከምኩት የአስከሬን ሣጥን ዛሬም ከትከሻዬ የወረደ አይመስለኝም። ባለቤቴ ቅባት እያሸችኝ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ጉልበትህ ልሸከም ብለህ ትገባለህ? ወጣት ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። ወጣትስ ሞልቶ ነበር። አብሮ አደጌን መልካሙን ግን ለሰው ትከሻ ትቼ ከኋላ መከተል አልሆነልኝም። ለቀብሩ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ በሚኒባስ ስሄድ ጉልበቴ እንደታጠፈ ቀርቶ፣ ስወርድ ደግፎ ያቃናኝ ረዳቱ ነው። ይህ ጉልበት እንግዲህ አንድ ጊዜ የክልል በረኛ ጉልበት ነበር።

እኔና መልካሙ ቡሬ ውስጥ በአንድ ሰፈር ነው ያደግነው። እሱ አጥቂ፣ እኔ በረኛ። ከባሕር ዳር አንድ አሰልጣኝ ለክልሉ የወጣቶች ቡድን ተጫዋች ሊመርጥ የመጣው በኅዳር ነበር። በርበሬው ተለቅሞ በየግቢው ተሰጥቷል፤ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ሜዳው ሙሉ ሰው ያስነጥሳል። አሰልጣኙም እያስነጠሰ ለሁለት ከፍሎ አጫወተን። እኔና መልካሙ ተቃራኒ ሆንን። በእረፍት ላይ ጠርቶን፣ «ቁርጡን ልንገራችሁ። ከዚህ የምወስደው አንድ ሰው ነው። ወይ በረኛው፣ ወይ አጥቂው» አለ።

እኔ ብቀርም ትምህርት ነበረኝ። መልካሙ ግን ትምህርቱን አቋርጧል። አባቱ ጠዋት ሲወጣ፣ «ከተመረጥህ መርቄ እሰድሃለሁ። ካልተመረጥህ ግን ይህን ኳስ የሚሉትን ነገር እርግፍ አድርገህ ሞፈሩን ያዝ» ብለውታል። እሱም ይህን ለእኔ ነግሮኛል። ስለዚህ በዚያ ጨዋታ ማን ምን እንደሚያጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል መልካሙ ሁለት ተከላካይ አታሎ ብቻውን ወደ እኔ መጣ። ልወጣበት ስል ከጎሉ ጀርባ ባለው መንገድ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ከገጠር በኩል በቃሬዛ አስከሬን ይዘው ይመጣሉ። በእኛ አገር አስከሬን ሲያልፍ የተቀመጠ ይነሳል፣ የሚሄድ ይቆማል፣ ራሱን የሸፈነ ይገልጣል። ሳላስበው ቆቤን አውልቄ ወደ መንገዱ ዞርኩ። ጎሉ ባዶውን ቀረ።

አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ፣ «ምታ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይላል።

መልካሙ ኳሷን በእግሩ ረግጦ አቆማት። እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሌሎቹም ቆሙ። ለቀስተኞቹ ቀስ ብለው ነበር የሚሄዱት፤ ዳገቱን እስኪጨርሱ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አሰልጣኙ ሰዓቱን አየ። መኪና ሊያመልጠው ነው መሰል፣ ፊሽካውን ነፋና፣ «ጎል አልገባበትም፤ በረኛውን እወስዳለሁ» ብሎ ቦርሳውን አነሳ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «እኔ እንደሆነ ዞሬ ነበር። ለምን አልመታህም?» አልኩት።

«እንዴት ብዬ?»

«ሟቹን ታውቃቸው ነበር?»

«ከየት አውቄ። ኳስ እንደሆነች ተመልሳ ትመጣለች። እሳቸው ግን በዚህ መንገድ ሁለተኛ አያልፉም።»

ኳስ ለእሱ ተመልሳ አልመጣችም። እኔ ሄድኩ። የክልል ተጫዋች መሆን ከሩቅ ሲያዩት ጥሩ ነው። እኔ የማስታውሰው የአውቶቡስ የኋላ ወንበር፣ ማታ ደርሰን የምንበላው የቀዘቀዘ ሽሮ፣ ሳይደርቅ የሚለበስ ማልያ ነው። ብዙውን ጊዜ የተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበርኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በመጨረሻ በአንድ ጭቃ ሜዳ ላይ ጉልበቴ ዞረና ነገሩ በዚያው አበቃ። ፍኖተ ሰላም የስፖርት መምህር ሆንኩ።

መልካሙ በርበሬውን እያመረተ ኖረ። ቡሬ ገበያ ላይ ባገኘኝ ቁጥር፣ «የክልሉ በረኛ፣ ዛሬስ ወንበሩ ተመቸህ?» ይለኛል። እስቃለሁ። ቂም እንዳልያዘብኝ አውቃለሁ፤ ቢይዝብኝ ይቀለኝ ነበር። የእሱን ዕድል ወስጄ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት የሚለው ሐሳብ ከጉልበቴ ይልቅ አድክሞኛል።

ትላንት ሣጥኑን ተሸክመን በዚያው ሜዳ ስናልፍ ልጆች ይጫወታሉ። የዛሬ ልጆች መቼ ያዩናል ብዬ ነበር። አንዱ ኳሷን መትቶ ቀና ሲል አየን፤ ቆመ። በረኛው ዞረ። ሜዳው በሙሉ ቆመ። ኳሷ ብቻ ሰው ሳይከተላት እየተንከባለለች ሄደች። የሣጥኑን እጀታ የያዘው እጄ በበረኛ ልማዱ ኳሷን ሊይዝ ሊዘረጋ ሲል ታወቀኝ፤ አጥብቄ ያዝኩት። ኳሷ መስመሩን አልፋ መረቡ ውስጥ ገባች።

ጉንጬን ወደ ሣጥኑ አስጠግቼ፣ «ገባች፣ መልካሙ» አልኩት።