የወልደየሱስ የእሁድ መኪኖች

ወልደየሱስ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ የፊያት ታክሲ ሲፈታና ሲገጥም ነው ያደገው። ላስ ቬጋስ ከመጣ በኋላ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አየር ማረፊያ ዊልቼር ሲገፋ ኖረ። አንድ ቀን የሚገፋቸው ፈረንጅ ሽማግሌ ስለ ጥንታዊ የስፖርት መኪኖቻቸው ሲያወሩት የአንዱን ሞተር ድምፅ በአፋቸው አስመሰሉለት። ወልደየሱስ ዊልቼሩን አቁሞ እንደገና እንዲያሰሙት ጠየቃቸው። ከዚያም አንዱ ካንዴላ እንደማያቃጥል ነገራቸው። በሳምንቱ የመኪኖቻቸው መካኒክ አድርገው ቀጠሩት።

ጋራዡ ውስጥ ዘጠኝ መኪኖች ነበሩ፤ የጣሊያን፣ የጀርመን፣ የእንግሊዝ። ቆሞ የሚከርም ሞተር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ የላስቲክ ጎሚኒው ይደርቃል። ስለዚህ ሽማግሌው እሁድ እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል አንዱን አውጥቶ እንዲነዳ አዘዙት። ወልደየሱስ ደግሞ እሁድ ጠዋት የሚሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ያለው ቤተ ክርስቲያን።

መጀመሪያ በቀይ የጣሊያን መኪና፣ በሳምንቱ በብርማ ጀርመን መጣ። በሦስተኛው እሁድ አረንጓዴውን የእንግሊዝ መኪና ፓርክ ሲያደርግ ውስጥ ጸሎት የሚመራው ሰው ድምፁ በሞተሩ ጩኸት ተውጦ ቆመ። ሚስቱ አስካል ከማታውቃቸው ሴቶች ሳይቀር ሰላምታ ሲበዛላት ግራ ገባት። ወሬው ግን ለምእመኑ ሁሉ ደርሶ ነበር፤ ወልደየሱስ ካዚኖ ገብቶ ቁማር በልቷል ተብሏል።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጋሽ ኪዳነወልድን ላኩበት። ጋሽ ኪዳነወልድ በወጣትነታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አሁን ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቤቱ መጥተው ስለ አየሩም ስለ ጤናም ሲያወሩ ቆዩና በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ማሽን ትነካካለህ?»

«በየሳምንቱ ነዋ ጋሼ። ካልተነካካ ይበላሻል።»

ጋሽ ኪዳነወልድ የካዚኖውን ማሽን ያለ መስሏቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አስካል ናት ከወጥ ቤት እየሳቀች ወጥታ ነገሩን ያስረዳቻቸው። እሳቸውም ጉዳዩን በዓይናቸው ካላዩ ለሽማግሌዎቹ ቃል መስጠት እንደማይችሉ ተናገሩ።

በሚቀጥለው እሁድ ሙሉ ልብስ ለብሰው ቀዩ ጣሊያን ውስጥ ገቡ። ወንበሩ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰና ማማረር ጀመሩ። አሥራ ሁለቱ ሲሊንደሮች ሲነሡ ግን ምሬታቸውን አቋረጡ። ወልደየሱስ ማርሽ በቀየረ ቁጥር የእሳቸውም ቀኝ እጅ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

ወሩ ሐምሌ ነው፤ ላስ ቬጋስ ደግሞ በሐምሌ ጠዋቱም ያቃጥላል። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ሞተሩ ጠፋ። ወልደየሱስ ኮፈኑን ከፍቶ ቼክ አደረገና ቤንዚኑ በሙቀቱ ቧንቧው ውስጥ ተንኖ ካርቡሬተሮቹ ጋ እንዳልደረሰ ነገራቸው። ቧንቧውን ማቀዝቀዝ ነበረበት። አጠገባቸው የተፈጨ በረዶ በጋሪ የሚሸጥ ሰው ቆሟል፤ በረዶው ሁሉ ግን በእንጆሪ ሽሮፕ የራሰ ነው። ጋሽ ኪዳነወልድ ክራቫታቸውን ፈቱ፣ በረዶውን ቋጠሩበትና ራሳቸው ቧንቧው ላይ ጠመጠሙት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሞተሩ ተነሣ።

ቤተ ክርስቲያን ዘግይተው ደረሱ። ጋሽ ኪዳነወልድ ሸሚዛቸው በሽሮፕ እንደቀላ መድረክ ላይ ወጡ። ይጠበቅ የነበረው «ወንድማችን ቁማር አልነካም» ብለው እንዲወርዱ ነበር። እሳቸው ግን ስድስት ካርቡሬተር እንዴት አንድ ላይ እንደሚተነፍስ አሥራ አምስት ደቂቃ አስረዱ፤ ፓስተሩ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ።

አሁን ጋሽ ኪዳነወልድ ቅዳሜ ቅዳሜ ለወልደየሱስ ይደውላሉ። የነገው መኪና የትኛው እንደሆነ ይጠይቃሉ። የእንግሊዙ ከሆነ ከቀዩም ስለሚጠብ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ይናገራሉ፤ ቢሆንም ይመጣሉ።