ውሃ የበዛበት እሬት

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ በአሮጌ የቀለም ባልዲ የተከለችውን እሬት ይዛልኝ መጣች። እሷ አሎቬራ ነው የምትለው፤ ለፊትም ለፀጉርም ትቀባዋለች። መስኮት ላይ አስቀምጪው፣ ብትረሺውም ግድ የለም፣ እሱ እንደሆነ አይሞትም አለችኝ። አመስግኜ ተቀበልኳት። እሬት እንደሚሞት ግን አውቃለሁ። ስትገድለው ያየኋት እናቴ ናት።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከጀውሃ ከተማ ወረድ ብሎ፣ ማሾ ከሚዘራበት ማሳ ዳር ነበር። ከዋናው መንገድ የከባድ መኪናው ድምፅ ይሰማናል፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ የረጠበ አፈርና የፍየል በረት ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፣ ትንኙም አያስተኛም። እናቴ ከበሩ አጠገብ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ የተተከለ እሬት ነበራት። ውሃ ሲያጠጣው ያየሁት ሰው የለም። ፍየሎቹ እንኳ አንዴ ቀምሰውት ዳግመኛ አልደረሱበትም። ሁሉም ራበኝ ጠማኝ በሚልበት ቤት ምንም የማይጠይቅ እሱ ብቻ ነበር። እሳት የፈጀው ሰው ሲኖር ቅጠሉ ይቆረጣል፤ ጡት የሚጥል ልጅ ሲኖርም እንደዚያው።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል እናቴ አረገዘች። የእርጉዝ ጡት ልጅ ያሳምማል ስለሚባል ሴቶቹ ሁሉ ቶሎ አስጥዪው አሏት። አንድ ጠዋት ቅጠሉን ሰበር አደረገችና ቢጫውን ውሃ ጡቷ ላይ ቀባች። ሰይድ እንደ ልማዱ እየሮጠ መጥቶ ጎረሰ። ወዲያው ተፋው፤ ምላሱን በመዳፉ እየጠረገ እሪ አለ። እዚያ ከነበርነው ያልሳቀ የለም። ሁላችንም ጡት የጣልነው በዚያው ነው። እናቴም ሳቀች፤ ከዚያ አቅፋ አባበለችው።

ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ያዘው። በዚያ ዓመት ወባ ያልገባበት ቤት አልነበረም። እናቴ ጡቷን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠበች፣ ደግማ አጠበች፣ ሰጠችው። ሰይድ አፉን ገጥሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለመነችው፤ አልተመለሰም። ጠዋት አባቴ ሽንኩርት የጫነ መኪና ለምኖ አስቆመና ከእናቴ ጋር ወደ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ይዘውት ሄዱ። ሳይደርሱ እቅፏ ውስጥ ሞተ።

እኛ አገር ቀብር ላይ እሬት ይተከላል። በጋውን ሙሉ ማንም ሳይደርስለት ለምልሞ ይቆያል፤ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስም ለሟቹ ዱዓ ያደርግለታል ይባላል። አባቴ ያንኑ ከጣሳው ነቅሎ ሰይድ ቀብር ላይ ተከለው። ከዚያ ወዲህ እናቴ፣ ሴት ቀብር አትሄድም እየተባለች፣ ከነሆዷ ከወንዝ ውሃ ቀድታ በጀሪካን ትወስድለት ጀመር። ጠዋት ጠዋት እከተላት ነበር። እኔ ከቁርቁራው ዛፍ ስር ፍሬ ስለቅም እሷ ጎንበስ ብላ ቀስ አድርጋ ታፈሳለች። አፈሩ ጠጥቶ እስኪጨርስ ትጠብቅና ትደግማለች። አዝንላትም እፈራትም ነበር። ቅጠሉ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ላላ፣ በጣት ሲነኩት የሚሰምጥ ሆነ። ሽታውም ተቀየረ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠብቃ ጀሪካኑን ያዘችባት። ይሄ ተክል ውሃ አይወድም፣ እያበሰበስሽው ነው፣ ተይው፣ ለራስሽም እዘኝ አለቻት። እናቴ ጀሪካኑን አልለቀቀችም።

«ሳይጠጣ እኮ ነው የሄደው፣ እትዬ» አለች።

እትዬ ዘሀራ እጇን ሰበሰበች። እሬቱ ከስሩ በስብሶ ወደቀ። አባቴ ሌላ ፈልጎ ተከለ፤ እሱንም አጠጣችው። ከዚያ በኋላ አባቴ መትከሉን ተወ፣ ቀብሩም እንደሌሎቹ ሳይሆን ራቁቱን ቀረ። እህቴ ፋጡማ ተወልዳ ከፍ ስትል እናቴን ጡት አስጥያት ለማለት የደፈረ አልነበረም። ልጅቷ ፍየል አጋጅ እስክትሆን ጠባች፤ እስከ ዛሬ እንቀልድባታለን።

አሁን ጊዜው ሌላ ነው። አምና የእኔን ልጅ ወባ ሲይዘው ክሊኒኩ ከቤታችን ማዶ ነውና ወዲያው ወሰድነው፤ ጣቱን ወጋ አድርገው ደም ወሰዱ፣ ቁጭ ከማለታችን ውጤቱን ነገሩን፣ መድኃኒቱን ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ኳሱን ይዞ ግቢውን አመሰው። እናቴ ያኔ እኛ ዘንድ ነበረች። ሲሮጥ በዓይኗ ስትከተለው ስንት ዓመት የያዝኩትን ነገር ዛሬስ ልንገራት ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰይድን የገደለው ወባ ነው፣ እሬቱ የለበትም፣ መራራ ቀምሶ የሞተ ልጅ የለም፣ እኔስ በዚያው አይደል ጡት የጣልኩት አልኳት። እስክጨርስ ድረስ ሻሿን እያስተካከለች ሰማችኝ። የገባት መሰለኝና ደስ አለኝ።

«ወባ እንደሆነማ ያኔም አውቃለሁ፣ ልጄ» አለችኝ። «ፊቱን ያዞረው ግን ከኔ ነው።»