ሰዓት ያዥዋ የመረጠችው ላፕቶፕ

ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ከተደረደሩት ጠባብ ክፍሎች በአንዷ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እየተየበች የምትኖር ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ተማሪዎቹ «እትዬ» ይሏታል። ክፍሏ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ማተሚያ፣ እንዲሁም ማጠፊያው በፕላስተር የተጠመጠመ አሮጌ ላፕቶፕ ይዛለች። እትዬ ጣቷ ፈጣን ነው። መምህር በቀይ የጫረውን፣ ተማሪው ራሱ ማንበብ ያቃተውን ጽሑፍ፣ እሷ አንዴ አይታው ትለየዋለች።

ወደ ትየባ የገባችው ዘግይታ ነው። ከዚያ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰዓት ያዥ ነበረች። በሽመና ማሽኖቹ መካከል እየዞረች የትኛው ስንት ደቂቃ እንደሠራ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆመና ለምን እንደቆመ ትመዘግባለች። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ላይ አልወደዷትም፤ ወሬ አቀባይ መስላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ «ማሽኖቹ አርጅተዋል፣ ፈጣን እናስመጣ» ሲል ግን መዝገቧን ፊቱ ዘረጋችለት። ማሽኖቹ የሚቆሙት አርጅተው አልነበረም፤ ክር ከመጋዘን እስኪደርስላቸው ነበር። ሁለት የክር ጋሪ ተጨመረና ነገሩ ተቃና። ከዚያ ወዲያ ሠራተኞቹ ስትመጣ ወንበር ይስቡላት ጀመር። ፋብሪካው ሲዘጋ ነው ትየባ የተማረችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራና ትምህርት አብራ የያዘች ነርስ ጽሑፏን ልታሳትም መጣች። ማስረከቢያው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አሥር ከሩብ ላይ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። መብራቱ ለአሥራ አንድ ሃያ ጉዳይ ሲመለስ ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ላፕቶፑ ለመነሳት ሰባት ደቂቃ ፈጀ፤ ፋይሉን ለመክፈት ደግሞ አምስት። የመጨረሻው ገጽ ታትሞ ነርሷ እየሮጠች ስትደርስ በሩ ተዘግቶ ነበር። በማግስቱ ተቀበሏት፣ ግን ነጥብ ተቀነሰባት።

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም እኮ፣ እትዬ» አለቻት ነርሷ።

«መብራቱ የእኔ አይደለም» አለች እትዬ። «አሥራ ሁለቱ ደቂቃ ግን የእኔ ነው።»

ሌላ ላፕቶፕ ለመግዛት ቆረጠች። የሙያ ትምህርት ቤት አስተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ይህን ሲሰማ ምርጫውን በእጁ የያዘ ያህል ተናገረ።

«እታለም፣ በአቅምሽ ከሚገኙት ውስጥ ፕሮሰሰሩ ፈጣን የሆነውን ውሰጂ። የኮምፒውተር አንጎሉ እሱ ነው። ሌላው ትርፍ ነው።»

«አሁን ያለው አንጎሉ ነው የደከመው?»

«ታዲያ ምኑ ይሆናል?»

«እሱን አይቼ እነግርሃለሁ» አለችው።

የኮምፒውተሩ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚያሳየውን መስኮት ወንድሟ ራሱ አንድ ጊዜ አሳይቷት ነበር። እሱን በስክሪኑ ጥግ ከፍታ ሥራዋን ቀጠለች። ላፕቶፑ ባስጠበቃት ቁጥር ስንት ሴኮንድ እንደሆነና በዚያን ጊዜ የትኛው ክፍል እንደሚሠራ በደብተር ጻፈች። ተማሪዎቹ ግራ ተጋብተው ቢያዩዋትም ማንንም ሳታስረዳ ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነች። ስትደምረው ከጠበቀችበት ጊዜ አብዛኛው ፋይል ሲከፈት፣ ሲቀመጥና ኮምፒውተሩ ሲነሳ የጠፋ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ሃርድ ዲስክ ብቻ መቶ በመቶ ተጨናንቆ እየተንገዳገደ ነው።

ደብተሩን ለወንድሟ አሳየችው። ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየና «እንዲህ አድርጎ የሚመዝን ሰው አይቼ አላውቅም» አለ። በነጋታው አብረው ሱቅ ሄዱ።

ሻጩ ዋጋቸው እኩል የሆኑ ሁለት ላፕቶፖች ከፊቷ አስቀመጠ። አንደኛው ፕሮሰሰሩ አዲስና ፈጣን ነው፤ ዲስኩ ግን ብዙ የሚይዝ ቢሆንም የድሮው ተሽከርካሪ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ መካከለኛ ነው፤ ማከማቻው ግን ኤስ ኤስ ዲ የሚሉት፣ ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣኑ ዓይነት ነው።

«እናቴ፣ ሰው ሁሉ የሚወስደው አንደኛውን ነው» አለ ሻጩ። «ሁለተኛው የሚይዘው ትንሽ ነው። ዓመት ሳይሞላው ይጠብብዎታል።»

እትዬ ፍላሽ ከቦርሳዋ አወጣች። ውስጡ ሥዕልና ሰንጠረዥ የበዛበት የሁለት መቶ ገጽ ጽሑፍ አለ። «ሁለቱንም አጥፋና አብራልኝ፤ ይቺን ገልብጠህ ክፈትልኝ» አለችው።

ሁለተኛው ጽሑፉን ከፍቶ ገጽ ሲገልጥ አንደኛው ገና ለመነሳት ያምጥ ነበር። ሻጩ «ገና አዲስ ስለሆነ ነው» አለ። «ደግመህ አጥፋው» አለችው እትዬ። ደግሞ አጥፍቶ አበራው፤ ያው ነው።

«ቪዲዮ ብትቆርጪበትስ?» አለ ወንድሟ፣ የፕሮሰሰሩ ነገር አሁንም እያሳሰበው።

«ቪዲዮ አልቆርጥም።»

«ቢሞላስ?» አለ ሻጩ።

«ያለቀላቸውን ጽሑፎች ውጫዊ ዲስክ ላይ አኖራቸዋለሁ። የተመረቀ ሰው ጽሑፉን በየቀኑ አይጠይቀኝም።»

ራም የሚሉትን ጊዜያዊ ማስታወሻውን በኋላ መጨመር እንደሚቻል ጠይቃ ካረጋገጠች በኋላ ሁለተኛውን አስጠቀለለች።

ወንድሟም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በዚያው ወር አንድ ተማሪ ብዙ ስሌት ያለበት ሥራ ይዞ መጣና አዲሱ ላፕቶፕ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲያሰላ ቆየ። እትዬ አላፈረችም። «ይሄ የእኔ ማሽን ሥራ አይደለም» ብላ ፈጣን ፕሮሰሰር ያላቸው ኮምፒውተሮች ወዳሉበት ወደ ወንድሟ ትምህርት ቤት ላከችው። የቀረው ሥራ ግን ውሃ ሆነላት። ክፍሏ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅ ተማሪ ጠፋ፤ መብራት ቢጠፋም አዲሱ ባትሪ ያሻግራታል።

ወሬው ኮሌጁ ግቢ ገባ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ዝምተኛ ሰውዬ፣ አንድ ጠዋት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ኮምፒውተሮቻችን ቀርፋፋ ሆነዋል፣ እትዬ። ሰባት አዲስ ልንገዛ ነው። የትኛው ይሻላል ይላሉ?»

«ሳላይ አልናገርም» አለችው።

ግማሽ ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጣ አንባቢዎቹን አየች። ቀርፋፋ የሆነው ኮምፒውተሩ አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠብቁት ኢንተርኔቱን ነው። መስመሩም ከጣሪያው ሥር ካለች አንዲት አሮጌ ሳጥን እየተከፋፈለ ይመጣል። በሳጥኗ ሳያልፍ ከዋናው መስመር በቀጥታ የሚያገኘው የኃላፊው ኮምፒውተር ግን አያስጠብቅም።

«ኮምፒውተር አትግዙ» አለችው ኃላፊውን። «እቺን ሳጥን ቀይሩ።»

ሰውዬው አንዴ ሳጥኗን፣ አንዴ እሷን አየ። ከዚያ መሰላል እንዲያመጡ ሰው ላከ።