የኮሎኔሉ ለቅሶ

ደብረ ታቦር ላይ ጎረቤታችን የነበረው ጡረተኛ ኮሎኔል ባለፈው ክረምት ሞተ። ዕድርተኛ ነንና ሳልወድም ቢሆን ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ የድሮ የጦር ጓደኛው ተነስቶ የሕይወት ታሪኩን ያነብ ጀመር።

«በጦርነቱ ጊዜ ይህችን ከተማ ከመቃጠል ያዳኑ ጀግና ነበሩ!»

ከተማዋን ማዳኑ እውነት ነው፤ አልክድም። ሰዉ ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሲያደንቅ ግን ደሜ ፈላ።

«ወንድሜንስ?» ብዬ ጮህኩ። «ከግንባር ሸሸህ ብሎ ጓደኞቹ ፊት ያስረሸነውን ወንድሜን ለምን አታነበውም? እናቴ አስከሬኑን እንኳ ሳታገኝ ነው የሞተችው!»



«ኧረ ነውር ነው፣ በሰው ለቅሶ!» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

ሁለት ሰዎች ክንዴን ይዘው ሊያስወጡኝ ሲሉ የኮሎኔሉ ሚስት እትዬ የሻረግ ከተቀመጡበት ተነሱ። ሊረግሙኝ ነው አልኩ። ይርገሙኛ! እኔም መልስ አላጣም።

አጠገቤ መጥተው ሰዎቹን፣ «ልቀቋት» አሏቸው። ከዚያ እጄን ያዙ።

«ይህን የሚናገር ሰው ስጠብቅ አረጀሁ፣ ልጄ። ያን ዕለት ከወንድምሽ ጋር የእኔንም ወንድም ነው ያስረሸነው። ያኔም ሚስቱ ነበርኩ።»