ድምፅ የሌላት ቁልፍ

ትናንት ሰላም የምትባለው የኦርጋን ተማሪዬ ገና ሳትቀመጥ ከመጽሐፍ ያነበበችውን ታወራልኝ ጀመር። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር አንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር አለች። አንዱ ተማሪው ከእሱ የቀሰመውን ለታናሽ ወንድሙ አስተማረ፤ ያ ታናሽ ወንድም አድጎ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የሙዚቃ ደራሲ ሆነ።

«እርስዎስ ጋሼ፣ ያቺን የዜማ ዝላይ ከማን ተማሯት?» አለችኝ።

ጎንደር ውስጥ ሠርግ ላይ የሚጫወት ወጣት ሁሉ ያቺን ዝላይ ይጫወታታል፤ የሚጠሯትም በእኔ ስም ነው። አሳለኝ አልሁና ውሃ ልጠጣ ወጣሁ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከጎጃም ወደ መተማ የወረድሁት ሰሊጥ ላጭድ ነው። የጥቅምት ፀሐይ ሰሊጡንም እኛንም እኩል ነበር የሚያደርቀን። እሑድ እሑድ ከተማ እገባና ፉሌን በትኩስ ዳቦ በልቼ ጋሼ ታደለ ዘንድ እሮጣለሁ። ጋሼ ታደለ በየሠርጉ ኦርጋን የሚጫወቱ፣ ዝምተኛ፣ ጣታቸው ረጃጅም የሆነ ሰው ነበሩ። የትምህርቱ ዋጋ አንድ ጀሪካን ውሃ ነው፤ በዚያ ሙቀት ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ!

ኦርጋናቸው የሰሊጥ ጆንያ ለብሳ ትቀመጣለች። መካከል ላይ ያለች አንዲት ነጭ ቁልፍ ድምፅ አትሰጥም። ዜማው እሷ ዘንድ ሲደርስ ጋሼ ታደለ የታችኛዋን ነካ ያደርጉና ወደ ላይኛዋ ዘለል ይላሉ። ሠርገኛው የሚያብደው እዚያች ላይ ነበር። እኔ ሞኙ፣ ሌላ ኦርጋን በዓይኔ አይቼ ስለማላውቅ፣ ኦርጋን ሁሉ ሲሠራ አንድ ዝም የምትል ቁልፍ የሚደረግለት ይመስለኝ ነበር። ለምን ይሆን እያልሁ ስንት ቀን እንዳጨድሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ቀን ከጎንደር የሙዚቃ ቡድን መጣ። ኦርጋን ተጫዋቻቸው ጥሏቸው ሄዶ ሌላ ይፈልጋሉ። ጋሼ ታደለ ራሳቸው እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ፈተናውን እንዳልወድቅ ስለት ተሳልሁ፤ ከወደቅሁ ማጭዱ ይጠብቀኛል። በሚያብረቀርቀው አዲስ ኦርጋን ላይ ስጫወት ጣቴ እንደለመደው ያቺን ቁልፍ ዘለላት። የቡድኑ አለቃ ብድግ አለ።

«አንተ! ይቺን ነገር ከየት አመጣሃት?»

ጋሼ ታደለ ከኋላዬ ቆመዋል። ከእሳቸው ነው ብል እሳቸውን ይወስዱና እኔን ይተዉኛል ብዬ ፈራሁ።

«ከራሴ ነው» አልሁ።

ተቀጠርሁ። ስንወጣ ጋሼ ታደለ አልተቆጡም። ግራ ገብቷቸው አዩኝ እንጂ።

«ለመሆኑ ደህናዋን ቁልፍ ለምን ዘለልሃት? የእኔዋ እኮ አቧራ ገብቶባት ነው የሞተችው!» ብለው ሳቁ።

መግቢያ ጠፋኝ። ይቅርታ ማለት ግን አልቻልሁም። ከሁለት ዓመት በኋላ ይቅርታ ልል ስመለስ አርፈው፣ ቤታቸው ሌላ ሰው ገብቶበት አገኘሁ።

እስካሁን የሚገርመኝ የዝላይዋ ነገር ነው። የመተማ አቧራ የወለዳት፣ መተማን ረግጠው በማያውቁ ልጆች ጣት፣ ምንም ባልጎደለው ኦርጋን ላይ ትኖራለች። የዚያ ጀርመናዊ ተማሪዎችስ ከመምህራቸው እጅ ምን ምን ይዘው ሄደው ይሆን? የእሱን ስም ግን ሰላም ታውቀዋለች፤ የጋሼ ታደለን አታውቅም።

ውሃዬን ጠጥቼ ስመለስ ሰላም የዝላይዋን ዜማ በደብተሯ እየጻፈች ነበር። ከላይ የእኔን ስም አስፍራለች።

«ሰርዢው» አልኋት።

«ምነው ጋሼ፣ አጠፋሁ እንዴ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ታደለ ብለሽ ጻፊ፤ የመተማው።»