ባሕር ሆሳዕና የመጣ ዕለት

በጃንሆይ ዘመን፣ እኔ ወጣት አስተማሪ ሳለሁ፣ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሲኒማ ቤት አልነበረም። ሲኒማ የሚባለውን ነገር የምናውቀው አዲስ አበባ ደርሰው ከተመለሱ ሰዎች አፍ ነው። አባቴ ለሱቁ ጨርቅ ሊያመጣ መርካቶ ሄዶ አንድ ጊዜ ገብቶ አይቶ ኖሯል። ምን እንደሚመስል ብጠይቀው ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበና፣ "ሕልም ነው። ግን ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አንዱን ሕልም ያያል" አለኝ። ከዚያ በላይ ሊያስረዳኝ አልቻለም።

ወላጆቼ ከጉራጌ አገር መጥተው ሆሳዕና ሱቅ የከፈቱ ናቸው። እኔ ግን እዚያው ተወልጄ ስላደግሁ ሀዲይኛን ከአማርኛ እኩል እናገራለሁ። ያስተማረችኝ ጎረቤታችን ናት። የሀዲያ ሙስሊም ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ በገበያ ቀን ቅቤ ትሸጣለች። የእኛንና የእሷን ጓሮ የሚለየው አንድ ረድፍ እንሰት ብቻ ስለነበር ልጅነቴን ግማሹን እሷ ቤት ነው ያሳለፍኩት። "እማማ" ነበር የምላት።

እማማ አንድ ልጅ ብቻ ነበራት። የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ወጣና ከአገር አገር ሲዞር ቆይቶ አሰብ ላይ ቀረ። አልፎ አልፎ ሹፌሮች ሰላምታውን ያመጡላታል። "ደህና ነው። ባሕሩ ዳር፣ ወደቡ ላይ ይሠራል" ይሏታል። እሷም ሰላምታውን ተቀብላ፣ ሹፌሩን አብልታ አጠጥታ፣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤

"ባሕር ምንድን ነው?"

"ቦዮ ሐይቅን አይተሻል?"

"በልጅነቴ ከሩቅ አይቻለሁ።"

"እንደሱ ነው፣ ግን ይሰፋል። የቦዮ ማዶው ይታያል፣ የባሕር ማዶው አይታይም።"

እማማ ይህን ስትሰማ ራሷን ትነቀንቃለች። "ማዶ የሌለው ውኃ እንዴት ይቆማል? ምን ይይዘዋል?" ትላለች። ሹፌሩ ይስቃል። እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም። ልጇ ማንም ሊነግራት የማይችለው ቦታ ሄዶባታል።

አንድ የገበያ ቀን ጣራዋ ላይ ድምፅ ማጉያ የታሰረባት መኪና ከተማ ገባች። ሲመሽ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሲኒማ በነፃ እንደሚታይ ለፈፈች። ገበያው ተረበሸ። ከጊምቢቹና ከሀቢቾ የመጡት ሁሉ ወደ ቤታቸው መመለሱን ተዉት። አህያቸውን ዘመድ ግቢ እያሰሩ፣ ያልሸጡትን እህል እንደተሸከሙ ወደ ሜዳው ጎረፉ። መኪናዋን ይዘው የመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለተኛው ኮትና ከረባት የለበሰ፣ ፊልሙ ሲታይ በአማርኛ የሚያብራራ ነው። ትልቅ ነጭ አቡጀዲ በሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች መካከል ወጥረው አሰሩ።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሕዝቡን አየና ተጨነቀ። ከገጠር የመጣው አብዛኛው አማርኛ አይሰማም። ከአስተማሪዎቹ መካከል እኔን ጠርቶ፣ "ሀዲይኛ የምትችይው አንቺ ነሽ። ከሚያብራሩት እንግዳ ጎን ቆመሽ ተርጉሚ" አለኝ።

"ያላየሁትን ነገር እንዴት እተረጉማለሁ?" አልኩት።

ባለ ከረባቱ ሰማኝና ሳቀ። "አይዞሽ እህቴ፣ እኔም የማየውን ነው የምናገረው" አለኝ።

ሞተሩ መንተክተክ ጀመረ። ከማሽኑ የብርሃን በትር ወጣና ከራሳችን በላይ አልፎ አቡጀዲው ላይ አረፈ። በብርሃኑ ውስጥ አቧራና የምሽት ትንኝ ሲጨፍሩ ይታያሉ። አጠገቤ ያለው ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ያየው ሸራውን ሳይሆን ያንን ብርሃን ነበር።

በቅድሚያ ጃንሆይ ታዩ። ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሲወርዱ ሜዳው ሙሉ ሕዝብ ብድግ አለ። ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አጎንብሰው እጅ የነሱም ነበሩ። ምስሉ እስኪያልፍ ድረስ የተቀመጠ ሰው አላየሁም። ቀጥሎ የምንጭ ውኃ እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያስተምር ፊልም መጣ። ያንን ስተረጉም ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ሴቶቹ "እውነት ነው፣ የእኛም ምንጭ ከብት ይረግጠዋል" እያሉ ስለመለሱልኝ ተደፋፈርኩ። ከዚያ አንድ ወፍራም ሰውዬ በሚታጠፍ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሲታገል የሚያሳይ መጣ። ወንበሩ ሲታጠፍበት፣ ሰውዬው ሲወድቅ፣ ተነስቶ ወንበሩን ሲቆጣው፣ ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ባለ ከረባቱም እኔም አፋችንን ዘጋን። ያንን የሚተረጉምለት የፈለገ አልነበረም።

ሳቁ ሳይበርድ ሸራው በሙሉ ውኃ ሆነ።

እንዴት እንደምለው አላውቅም። ከዳር እስከ ዳር ውኃ ነው፤ ተራራ የለበትም፣ ዛፍ የለበትም። ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ነጭ አረፋ ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ጉልበታቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ሸሹ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከመሬት ከፍ አደረጉ። እኔም፣ የተማርኩት፣ ካርታ ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀብቼ ለልጆች ያስተማርኩት፣ ቃል ጠፋኝ። ባሕር ለሚለው ሀዲይኛውን ብፈልግ አልመጣልኝ አለ።

ከዚያ መርከብ ታየ። ጎኑ እንደ ገደል ነው። ወጣቶች በጀርባቸው ጆንያ ተሸክመው በሳንቃ ላይ ይወርዳሉ። ሌሎች ደግሞ ከወደቡ ጫፍ እየዘለሉ ባሕሩ ውስጥ ይገባሉ፤ ብቅ ብለው ይስቃሉ።

"የአሰብ ወደብ" አለ ባለ ከረባቱ።

ይህን ከማለቱ ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት ተነሳች። እማማ ናት። ሰው እየዘለለች፣ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለች መጥታ ፊቴ ቆመች። "ይህ ነው?" አለችኝ በሀዲይኛ። "ልጄ ያለበት ይህ ነው?"

"አዎ እማማ፣ ይኸው ነው።"

ወደ ሸራው ሄደች። ማንም አልከለከላትም። እጇን አንስታ አቡጀዲውን ነካችው። ማዕበሉ በእጇ፣ በክንዷ፣ በነጠላዋ ላይ መጣ፣ ሄደ። ጥላዋ ባሕሩ ላይ ወደቀ፤ ማዶ የሌለው ውኃ ላይ የቆመች ረጅም ሴት ሆነች። 

ፊልሙ አለቀና ሸራው ባዶ ሆነ። እማማ ዞር ብላ፣ "መልሱልኝ። አንዴ ብቻ" አለች። ተረጎምኩ። ባለ ከረባቱ የሕንድ ፊልም ገና እንደሚቀር፣ ጊዜ እንደሌለ ሊያስረዳ ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ "ልጇ እዚያ ነው ያለው፤ እባካችሁ" አሉ። ሕዝቡም "እባካችሁ" አለ።

ያ ዝምተኛ ባለ ማሽን ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነካካ። ፊልሙን ወደ መጀመሪያው ለመመለስ ወደ ኋላ ማዞር ነበረበት፤ መብራቱን ግን አላጠፋውም።

ባሕሩ ወደ ኋላ ሄደ። አረፋው ከዳርቻው ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ ተመለሰ። ጆንያ የተሸከሙት ወጣቶች በጀርባቸው እየተራመዱ ሳንቃውን ወጥተው መርከቡ ውስጥ ገቡ። የሚዋኙትን ደግሞ ውኃው ተከፍቶ በእግራቸው በኩል ተፋቸው፤ አየር ላይ ተንሳፍፈው ወደቡ ጫፍ ላይ ቆሙ፤ አንዲት ጠብታ አልነበረባቸውም። ከኋላዬ አንድ ሰው "ላ ኢላሀ ኢለላህ" አለ። አጠገቡ ያለው አማተበ። የሳቀ የለም። ባለ ከረባቱ ማይክራፎኑን ደረቱ ላይ አድርጎ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እሱም ከዚያ በፊት ትኩር ብሎ አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ እንደገና በወጉ አሳዩን። እማማ ከሸራው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አየች። የሕንዱን ፊልም ግን አላየችም። ያ ፊልም ዘፈንና እንባ የሞላበት ነበር፤ ዜማውን የገበያው ሴቶች ከርመው ሲያንጎራጉሩት ሰምቻለሁ። እሷ ግን መጥታ ጎኔ ተቀምጣ መሬት መሬቱን እያየች ታስብ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ሱቃችን መጣች። አባቴ ገና መስኮቱን እየከፈተ ነበር።

"ልሄድ ነው" አለችው።

"ወዴት እትዬ?"

"አሰብ።"

አባቴ ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። "ከጎረቤታችን ከአንጋጫ አልፈሽ አታውቂም እኮ! መንገዱን ታውቂዋለሽ? በረሃውን ሰምተሻል?"

"መንገዱን ሹፌር ያውቀዋል" አለች። "ስማኝ፣ እኔ እኮ ልጄ በዓለም ላይ የሌለ ቦታ የሄደ መስሎኝ ነበር። ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ለካ ሰው ያለበት አገር ነው! ሰው ይሠራል፣ ይስቃል፣ ውኃ ይራጫል። ሰው ካለበት እኔም እደርሳለሁ።"

አባቴ በመጨረሻ አንድ የሚያውቀውን የአንጋጫ ሹፌር አነጋገረላት። ሹፌሩ ከምባታ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ "እናቴን እንደምወስድ እወስዳታለሁ፤ ከአዲስ አበባ በኋላም ለሚታመን ሰው አስረክባታለሁ" ብሎ ማለ። ቅቤዋን በቅል፣ ቆጮዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ጭነቱ ላይ ወጣች። ሹፌሩ ከፊት እንድትቀመጥ ቢለምናት፣ "ከላይ ሆኜ ልይ" አለችው።

ሳምንታት አለፉ። ዝናቡ ገባ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ሲጠፋ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። "አቡጀዲ አሳብዶ ወሰዳት" የሚሉም ነበሩ። አባቴ በየምሽቱ መስኮቱን ሲዘጋ ወደ መንገዱ ያይ ነበር።

አንድ ቀን እማማ ጠቁራ፣ ከስታ፣ ግን ቀጥ ብላ እየሄደች ተመለሰች። ቤቷ በሰው ተጨናነቀ። ልጇን እንዴት እንዳገኘችው ነገረችን። ከወደቡ በር ላይ ቆማ ከሥራ እስኪወጣ ጠበቀች። ልጇ ከጓደኞቹ ጋር እየሳቀ ወጣ፤ አያት፤ አለፋት፤ ጥቂት ሄደና ቆመ። ዞሮ ሲያያት እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

"እማ፣ እንዴት መጣሽ?" አላት።

"ያለህበትን አሳዩኝና መጣሁ" አለችው።

የሠራችለትን ቆጮ ጓደኞቹ ሁሉ እንደበሉት፣ ሙቀቱ ሌሊት እንኳን እንደማይበርድ፣ ባሕሩ እንደሚሸት አወራችን። "ሲኒማው ሽታውን አላመጣልንም" አለች። ልጇ አብሯት አልመጣም። ሥራው እዚያ ነው። ግን ለዓመቱ የአረፋ በዓል መጣ፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ይመጣ ጀመር፤ አንዱን ጊዜ ሚስቱን ይዞ መጣ። እማማ ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የሚያመጣላትን ሹፌር ባሕር ምን እንደሚመስል አትጠይቅም፤ "ነፋሱ በርትቷል?" ትለዋለች።

ከአሰብ የተመለሰች ዕለት እንግዳው ሁሉ ሲበተን እኔን ብቻ አስቀረችኝ። ከሻንጣዋ አንድ ጠርሙስ አወጣች። አፉ በጨርቅ ተጠቅጥቆ በሰም ተደፍኗል። "ላንቺ ተማሪዎች ነው" አለችኝ።

በማግስቱ ክፍሌ ይዤው ገባሁ። ልጆቹ ተሰለፉ። በየመዳፋቸው ጠብታ ጠብታ አደረግሁላቸው። አንዲት ልጅ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች፤ ፊቷ ተኮማተረ፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እትዬ፣ ያን ሁሉ ጨው ማን ጨመረበት?" አለችኝ።  ሁሉም ከቀመሱ በኋላ ጠርሙሱ ሥር የቀረውን መዳፌ ላይ ደፋሁት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕርን ቀመስኩ። ልጆቹ መዳፋቸውን እያሸተቱ ነበር።